ዘይቱ ምንድን ነው? ስለ ልባም ምርጫና ስለ መዳን የቀረበ ጥያቄ

ጠያቂ፦ የመዝገብ ሠራተኛዋ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ጥያቄዬ ረዘም ስለሚል አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የንግድ ድርጅት በሒሳብ ሠራተኛነት ስሠራ አምስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ድርጅቱ ሁለት ዓይነት መዝገብ ይይዛል፤ አንደኛው ባለቤቱ ብቻ የሚያየው እውነተኛው ሲሆን፣ ሁለተኛው ያለ ደረሰኝ የተሸጠው ዕቃ የማይታይበትና ለግብር የሚቀርበው ነው። እስካሁን ሁለተኛውን ያዘጋጅ የነበረው አንድ ባልደረባዬ ነው፤ እርሱ ሥራ ስለሚለቅ ከሚመጣው ወር ጀምሮ ተራው የእኔ እንደሚሆን ተነግሮኛል። እምቢ ብል ምን እንደሚከተል በግልጽ የነገረኝ ሰው የለም፤ ሳይነገረኝም ገብቶኛል። የቤት ኪራይ የምከፍለውም እናቴን የምጦረውም በዚሁ ደመወዝ ነው።

ባለፈው እሑድ ነገሩን ለእናቴና ለታላቅ ወንድሜ ቡና ላይ አነሣሁላቸው። እናቴ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመን ናት፤ ወንድሜ ደግሞ ከዩኒቨርሲቲ ጀምሮ በወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ያመልካል። እናቴ ወዲያው የዐሥሩን ደናግል ምሳሌ (ሙሽራውን ሊቀበሉ መብራት ይዘው ከወጡት አምስቱ ትርፍ ዘይት ስላልያዙ ደጁ የተዘጋባቸውን) ጠቅሳ «ልጄ፣ ማሰሮሽ ባዶ ሆኖ ሙሽራው ቢመጣ ምን ትመልሻለሽ?» አለችኝ። ለእርሷ ዘይቱ ምግባር ነው። ወንድሜ ድርጊቱ ኃጢአት መሆኑን አልካደም፤ ነገር ግን መዳን በአንድ ፊርማ የሚገኝ ወይም የሚጠፋ ነገር እንዳልሆነና ዘይቱም እምነት እንደሆነ ተናገረ። አቦል ላይ የተጀመረው ክርክር እስከ በረካ ደረሰ፤ የእኔ ጥያቄ ግን ከአተላው ጋር ጀበናው ሥር ቀረ።

ይባስ ብሎ፣ ሥራ የሚለቀው ባልደረባዬ እየሳቀ «ራስሽን አታስጨንቂ፤ ሒሳብ ያዛባውን መጋቢ ጌታው ‹ልባም› ብሎ አመስግኖታል» አለኝ። ቤት ገብቼ ሉቃስ ምዕራፍ 16ን ሳነብብ ቃሉ በእርግጥ አለ፤ በማቴዎስ 25 ለአምስቱ ደናግል የተሰጠውም ይኸው ቃል ነው። እንግዲህ የምጠይቃችሁ የሥራ ምክር አይደለም። መዳን ስጦታ ከሆነ የእኔ ምርጫ በውስጡ ምን ቦታ አለው? ወንጌል «ልባም» የሚለውስ ሰው ምን ያደረገ ሰው ነው?

መልስ 1፦ የሰንበት ትምህርት ቤት አገልጋይ

እኅታችን፣ ከቃሉ ልጀምር፤ ምክንያቱም ብዙው ነገር እዚያ ላይ ነው ያለው። የ1954 ዓ.ም. የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ አምስቱን «ልባሞች»፣ አምስቱን ደግሞ «ሰነፎች» ይላቸዋል። ዛሬ «ሰነፍ» ሲባል ሥራ የማይወድ ሰው በአእምሯችን ይመጣል፤ በመጽሐፉ አማርኛ ግን ሰነፍ ማለት ማስተዋል የጎደለው ማለት ነው፤ «ሰነፍ በልቡ አምላክ የለም ይላል» የሚለውን መዝሙር ማስታወስ ይበቃል። እነዚያ አምስቱ ሥራ ፈቶች አልነበሩም። ድንግልናቸውን ጠብቀዋል፣ መብራታቸውን ይዘው ወጥተዋል፣ ሙሽራውንም እንደ ሌሎቹ ተስፋ አድርገዋል። እንቅልፍ የወሰዳቸውም ዐሥሩንም እንጂ አምስቱን ብቻ አይደለም። ልዩነቱ ከመንቃትና ከመተኛት እንኳ አልመጣም፤ ገና ሳይመሽ ከቤት ሲወጡ አንዲት ማሰሮ ዘይት ከመያዝና ካለመያዝ የመጣ ነው። በእኩለ ሌሊት ጩኸቱ ሲሰማ የሚመረጥ ነገር አልነበረም፤ ምርጫው አስቀድሞ፣ ማንም ልብ ባላለበት ሰዓት አልፏል።

ዘይቱን በተመለከተ እናትዎ የያዙት የአባቶችን ትርጓሜ ነው። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ የማቴዎስን ወንጌል ሲተረጉም ዘይቱን ርኅራኄና ምጽዋት፣ የዘይቱን ሻጮች ደግሞ ድሆች ይላቸዋል። ድንግልናን ያህል ታላቅ ነገር ጠብቀው ርኅራኄን ያህል ቀላል ነገር ማጣታቸው ነው ሰነፎች ያሰኛቸው። እዚህ ላይ ጉዳይዎን ልብ ይበሉ፤ ከመዝገብ የሚሠወረው ግብር የማን ድርሻ ነው? ሆስፒታልና ትምህርት ቤት የሚጠብቅ ሰው ድርሻ ነው። ስለዚህ ነገሩ የደረቅ ሕግ ጥያቄ ብቻ ሳይሆን የርኅራኄም ጥያቄ ነው።

ስጦታና ምርጫ እንዴት አብረው ይቆማሉ ለሚለው፣ ቤተ ክርስቲያናችን የምታስተምረው ክርስቶስ በመስቀል የፈጸመውን ማዳን ሰው በሥራው ይገዛዋል ብላ አይደለም። ከሰማንያ አንዱ መጻሕፍት አንዱ የሆነው መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 15 ላይ እግዚአብሔር ሰውን ፈጥሮ ለገዛ ምክሩ እንደተወው፣ እሳትና ውኃ በፊቱ እንዳኖረለትና ሰው እጁን ወደ ወደደው እንደሚዘረጋ ይናገራል። ውኃውን የፈጠረው እጅ የዘረጋው ሰው አይደለም፤ ነገር ግን እጁን ያልዘረጋ አይጠጣም። በጥምቀት የተወለደ፣ ከሥጋ ወደሙ የተቀበለ ሰው በምግባር ይኖርበታል፤ ሲወድቅም በንስሐ ይነሣል። ሐዋርያው ያዕቆብ «ሰው በእምነት ብቻ ሳይሆን በሥራ እንዲጸድቅ ታያላችሁ» ያለው ይህንኑ ነው።

ስለ በላዔ ሰብእ የሚተረከውን እናትዎ ሳይነግሩዎት አይቀሩም። በየካቲት 16 የኪዳነ ምሕረት በዓል የሚሰማው ይህ ታሪክ፣ 78 ነፍሳት የበላ ሰው በእመቤታችን ስም ለተጠማ ድሀ በሰጠው ጥርኝ ውኃ ምሕረት እንዳገኘ ይናገራል። አንዳንዱ ሰው ይህን ሲሰማ «እንግዲያውስ እኔም በመጨረሻ ጥርኝ ውኃ እሰጣለሁ» ብሎ ይጽናናል፤ እንዲህ የሚል ሰው ግን ታሪኩን ገልብጦ ሰምቶታል። ጥርኝ ውኃው በሚዛን ላይ ሲቀመጥ የከበደው በምሕረት እንጂ በራሱ ክብደት አይደለም። ከዚህ ይልቅ ታሪኩ የሚያሳየው እጅግ ትንሽ የሚመስል ምርጫ እንኳ በእግዚአብሔር ዘንድ ከቍጥር የማይወጣ መሆኑን ነው፤ ወንድምዎ «አንድ ፊርማ» ያሉትንም በዚህ መልክ ማየት ይቻላል።

ልባሞቹ ዘይታቸውን ለምን አላካፈሉም የሚል ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይነሣል፤ እርስዎ ባያነሡትም በአጭሩ ልበል። ስስት አልነበረም፤ በዚያ ሰዓት ከሰው ወደ ሰው የማይገለበጥ ነገር ስለሆነ ነው። ስለ ምልጃ የሚነሣው ክርክር ከዚህ የተለየ ስለሆነ እዚህ ባናስገባው ይሻላል። የንስሐ አባትዎን ሳያማክሩ ግን አይወስኑ።

መልስ 2፦ ገላትያ

ከላይ የጻፉት ወንድም ማሰሮው በቀን መሞላቱን ያመለከቱበትን መንገድ ወድጄዋለሁ፤ በእርሱ ላይ ክርክር የለኝም። እኔ የወንጌላውያን አማኝ ስለሆንሁ ወንድምዎ የተናገሩትን በከፊል ልደግፍ፣ በከፊል ደግሞ ላርም።

የምደግፈው ይህን ነው። «ጸጋው በእምነት አድኖአችኋልና፤ ይህም የእግዚአብሔር ስጦታ ነው እንጂ ከእናንተ አይደለም» የሚለው የኤፌሶን ቃል ሰው የራሱን መዝገብ አስተካክሎ ገነትን እንደ ደመወዝ እንዳይጠብቅ ያደርገዋል። ማርቲን ሉተርም በዐሥሩ ደናግል ምሳሌ ዘይቱን የተረጎመው እምነት ብሎ ነው፤ ለእርሱ ዘይት የሌለው መብራት እምነት የሌለው ውጫዊ ሥራ ነበር። እንደሚታወቀው ይህ ስለ ፈቃድና ስለ ጸጋ የሚደረግ ክርክር አዲስ አይደለም። የጥንቱ አባት አውግስጢኖስ፣ ሰው በራሱ ፈቃድ ጽድቅን መፈጸም ይችላል ይል ከነበረው ከጴላግዮስ ጋር ተከራክሮበታል፤ ኤራስመስ እ.ኤ.አ. በ1524 ስለ ሰው ነፃ ፈቃድ ሲጽፍ ሉተር በዓመቱ ጠንካራ መልስ ሰጥቶታል፤ የትሬንት ጉባኤ ደግሞ በ1547 የካቶሊክን አቋም ወስኗል። ብዙ ሰው የማያውቀው ግን ጥቅምት 31 ቀን 1999 እ.ኤ.አ. የሉተራን ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንና የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በጀርመን አገር በአውግስበርግ ከተማ ስለ መጽደቅ የጋራ መግለጫ መፈረማቸውን ነው፤ የእኛዋ መካነ ኢየሱስም የዚያ ፌዴሬሽን አባል ናት። ሰው የሚጸድቀው በጸጋ እንደሆነ፣ መልካም ሥራም የዚያ ፍሬ እንደሆነ በአንድነት መስክረዋል። ልዩነቱ ሁሉ አለቀ ማለት አይደለም፤ ነገር ግን በቡና ላይ የሚደረገው ክርክር አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ ስምምነት በፊት ቆሞ የቀረ ነው።

የማርመው ደግሞ ይህን ነው። «መዳን በአንድ ፊርማ አይጠፋም» የሚለው አባባል በፕሮቴስታንቱም ዓለም የሁሉ ትምህርት አይደለም። ከ1618 እስከ 1619 እ.ኤ.አ. በሆላንድ በዶርት ከተማ የተደረገው ጉባኤ አንዱ ዋና ጉዳይ የዳነ ሰው ወደ ኋላ ሊመለስ ይችላል ወይስ አይችልም የሚለው ነበር፤ ሰው ጸጋን በፈቃዱ ሊቃወም ይችላል የሚሉት የአርሚንዮስ ተከታዮች በጉባኤው ቢረቱም ትምህርታቸው በኋላ በሜቶዲስቶች በኩል በዓለም ሁሉ ተሰራጭቷል። ከዚህ በላይ ደግሞ ከላይ የጠቀስሁት የኤፌሶን ምዕራፍ 2 ቃል ቁጥር 8 እና 9 ላይ አያቆምም። ቁጥር 10 «እንመላለስበት ዘንድ እግዚአብሔር አስቀድሞ ያዘጋጀውን መልካሙን ሥራ ለማድረግ በክርስቶስ ኢየሱስ ተፈጠርን» ይላል። ቁጥር 9 ላይ መጽሐፉን የሚዘጋ አማኝ፣ እውነቱን ለመናገር፣ በመካከላችን ብዙ ነው፤ እኔም ለረጅም ጊዜ ከእነርሱ አንዱ ነበርሁ።

ለእርስዎ ጉዳይ ከደናግሉ ይልቅ የሚቀርብ ሰው ግን አለ፤ እርሱም የኢያሪኮው የቀራጮች አለቃ ዘኬዎስ ነው። የግብር ሒሳብ የሚያዛባ ሰው ስለነበር ሙያችሁ ይቀራረባል። በሉቃስ 19 የነገሩን ቅደም ተከተል ያስተውሉ። ጌታ «ፈጥነህ ውረድ፤ ዛሬ በቤትህ እውል ዘንድ ይገባኛልና» ያለው ዘኬዎስ ገና ሾላው ላይ ሳለ፣ አንዲት ሳንቲም እንኳ ሳይመልስ ነው። ጸጋው ቀደመ። ዘኬዎስም እኩሌታውን ለድሆች እንደሚሰጥ፣ በሐሰት የወሰደውን አራት እጥፍ እንደሚመልስ ተናገረ። በኦሪት ዘኍልቍ 5 መሠረት በፈቃዱ የሚናዘዝ ሰው የሚመልሰው ዋናውንና አንድ አምስተኛ ጭማሪ ብቻ ነበር፤ አራት እጥፍ በዘጸአት 22 በግ ሰርቆ ባረደ ወይም በሸጠ ሌባ ላይ የሚጣል ቅጣት ነው። ማንም ሳይፈርድበት የሌባውን ቅጣት በራሱ ላይ ፈረደ። «ዛሬ ለዚህ ቤት መዳን ሆኖለታል» የሚለው ቃል የተነገረው ከዚህ በኋላ ነው። እንግዲህ ምርጫው መዳንን ገዛው ሊባል አይችልም፤ ያለዚያ ምርጫ ግን መዳን ወደ ቤቱ መግባቱን ማን ያውቅ ነበር? አውግስጢኖስ «ያለ አንተ የፈጠረህ ያለ አንተ አያጸድቅህም» ያለው ይህን የመሰለ ነገር ነው። በነገራችን ላይ እርሱ በደናግሉ ምሳሌ ዘይቱን «ፍቅር» ብሎ ተርጉሞታል፤ ምናልባት እናትዎና ወንድምዎ እዚያ ላይ ይገናኙ ይሆናል።

መልስ 3፦ አንባቢ ከደሴ

ስለ ዓመፀኛው መጋቢ ማንም አልመለሰም፤ እኔ ደግሞ የባልደረባዎ ቀልድ ከቀልድ በላይ ስለሆነ መልስ የሚያስፈልገው ይመስለኛል፤ ብዙ ሰው በዚህ ጥቅስ ኅሊናውን ያስተኛል።

መጋቢው ሹመቱ እንደሚወሰድበት ካወቀ በኋላ የጌታውን ባለዕዳዎች ጠርቶ 100 ማድጋ ዘይት የነበረውን 50፣ 100 የነበረውን የስንዴ ዕዳ 80 ብለው እንዲጽፉ አደረገ። በዛሬው አነጋገር ሰነድ አሻሻለ። ነገር ግን ባልደረባዎ የጠቀሱት ዐረፍተ ነገር «ጌታውም ዓመፀኛውን መጋቢ በልባምነት ስላደረገ አመሰገነው» ነው የሚለው። በአንድ ትንፋሽ «ዓመፀኛ» ተብሎ «ልባም» ተብሏል። የተመሰገነው ማጭበርበሩ ቢሆን ኖሮ ዓመፀኛ የሚለው ስም ባልተቀመጠበት ነበር። የተመሰገነው ነገር የሚመጣው ቀን እንደሚመጣ አምኖ ሳይመጣበት መዘጋጀቱ ነው፤ ይህም ማሰሮ ከያዙት ደናግል ጋር ያለው ዝምድና ነው። ጌታም ወዲያው «የዚህ ዓለም ልጆች ለትውልዳቸው ከብርሃን ልጆች ይልቅ ልባሞች ናቸውና» አለ፤ ይህ ለብርሃን ልጆች ወቀሳ እንጂ ለሌብነት ፈቃድ አይደለም። ጥቂት መስመሮች ወረድ ብሎ «ከሁሉ በሚያንስ የታመነ በብዙ ደግሞ የታመነ ነው» ይላል። ባልደረባዎ እስከዚያ ድረስ ቢያነብቡ ኖሮ ሣቃቸው ባልቀጠለ።

አንድ ሌላ ነገር። መጥምቁ ዮሐንስ በሉቃስ 3 ቀራጮች ምን እናድርግ ብለው ሲጠይቁት «ከታዘዘላችሁ አብልጣችሁ አትውሰዱ» አላቸው እንጂ ሥራችሁን ተዉ አላላቸውም። ስለዚህ በጥያቄዎ ውስጥ «ወይ መፈረም ወይ መልቀቅ» ተብሎ የቀረበው ምርጫ ብቸኛው ላይሆን ይችላል። እዚያው ሆኖ አለመፈረምም አለ፤ ከሁሉ የሚከብደውም እርሱ ሊሆን ይችላል።

የመዝገብ ሠራተኛዋ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የዘኬዎስን ቅደም ተከተል እንዲህ አስተውዬው አላውቅም ነበር። ነገር ግን አንድ ነገር ደብቄያችሁ ነበር። ሁለተኛው መዝገብ መኖሩን ካወቅሁ አንድ ዓመት አልፎኛል፤ እኔ ባላዘጋጀውም ቁጥሮቹን ከእኔ መዝገብ ይወስዱ ነበር፤ እኔም እያወቅሁ ዝም ብያለሁ። ስለዚህ «ከሚመጣው ወር ጀምሮ» ያልሁት ሙሉ እውነት አይደለም። ዘኬዎስ አራት እጥፍ የሚመልስላቸውን ሰዎች ያውቃቸዋል፤ እኔ ለማን ነው የምመልሰው?

መልስ 4፦ ጡረተኛው

ልጄ፣ ሠላሳ ዓመት በሒሳብ ሥራ ላይ የቆየሁ ሰው ነኝና እንደ አባት አንቺ እያልሁ ብጽፍልሽ አትቀየሚኝ። ይህን ሁለተኛውን መልእክት መጻፍሽ ከመጀመሪያው ይልቅ ደስ አሰኝቶኛል። እኔ በአንቺ ዕድሜ ሳለሁ እንዲህ ያለ ወረቀት ቀርቦልኝ ፈርሜያለሁ። ማንም አልያዘኝም፤ እድገትም አገኘሁበት። የሚቀጥለው ወረቀት ሲመጣ ግን እምቢ የምልበት አፍ አልነበረኝም፤ አለቃዬ ፊርማዬን በመሳቢያው ይዞታል። መምህሩ ማሰሮው በቀን ይሞላል ያሉትን እኔ በራሴ ኑሮ ያየሁት በዚህ መንገድ ነው። የመጀመሪያው ፊርማ የሚቀጥሉትን ሁሉ ምርጫዎች ይዞ ይሄዳል።

ለማን ትመልሻለሽ ላልሽው፣ አንቺ በእጅሽ የወሰድሽው ገንዘብ ስለሌለ የምትመልሽው እውነቱን ነው። ለባለቤቱ ብቻችሁን ሆናችሁ፣ ሰው ፊት ሳታሳፍሪው፣ ሁለተኛውን መዝገብ እንደማታዘጋጂ፣ ካንቺ መዝገብም ለዚያ ቁጥር እንደማትሰጪ ንገሪው። ያለፈው እንዲስተካከልም አሳስቢው፤ ስሕተትን አርሞ ግብርን እንደገና ማሳወቅ በአዋጁም መንገድ ያለው ነገር ነው፤ ምናልባት እርሱም መውጫ እየፈለገ ይሆናል፤ እንዲህ ያለ ነጋዴ አጋጥሞኛል። ያጋጠመኝ ሁሉ ግን እንዲህ አልነበረም፤ ስለዚህ ሥራ መፈለግሽንም ዛሬውኑ ጀምሪ። ይህንንም ልባምነት በይው።

በዘይቱ ትርጉም ላይ ስለሚደረገው ክርክር አንድ ነገር ልጨምርና ልተው። አቡነ ጴጥሮስ አርበኞችን እንዲያወግዙና ለፋሺስት እንዲገዙ ሲጠየቁ እምቢ ብለው ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በጥይት ተገደሉ። የመካነ ኢየሱሱ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ከአገር የሚወጡበት ዕድል ተከፍቶላቸው ሳለ መንጋዬን ትቼ አልሄድም ብለው ቀሩ፤ ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ታፍነው ተወሰዱ፣ በደርግም ተገደሉ። ሁለቱ ስለ ጸጋና ስለ ምግባር እንዲጽፉ ወረቀት ቢሰጣቸው አንድ ዓይነት ነገር አይጽፉም ነበር። ይህን የምለው ልዩነቱ ከንቱ ነው ለማለት አይደለም፤ ለእናትሽም ለወንድምሽም ከባድ ነገር ነው። ነገር ግን ልዩነቱ እስኪፈታ ድረስ ፊርማውን በይደር ማቆየት አይቻልም።

የመዝገብ ሠራተኛዋ፦

ባለቤቱን ለማክሰኞ ጠዋት ቀጠሮ ይዤዋለሁ። የጻፋችሁትን ትናንት ማታ ለእናቴና ለወንድሜ አነበብሁላቸው። ወንድሜ ሥራ ባጣ የሦስት ወር ኪራዬን እንደሚሸፍን ነገረኝ፤ እናቴ ደግሞ የነገሩን አስቸጋሪነት ለንስሐ አባቷ ነግራ ጸሎት እንዲያዝልኝ አድርጋለች። ዘይቱ ምን እንደሆነ ግን አሁንም አልተስማሙም፤ ወንድሜ የአውግስጢኖስን «ፍቅር» ሲቀበል፣ እናቴ «ፍቅርስ ቢሆን ካልተሠራበት ምን ዘይት ይሆናል?» ብላ ክርክሩን እንደገና ከአቦል ጀምራዋለች።